ሦስት ፊደል፣ አንድ ስግደት

ወዳጆቼ፣ «መስጊድ» ሲባል ምን ይታያችኋል? ሚናራው፣ አዛኑ፣ ደጃፉ ላይ የተደረደረው ጫማ። ለእኔም የሚታየኝ ይኸው ነበር። አንድ ቀን ስለ ቤተ እስራኤል ሳነብ ግን ጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት እንደነበር አገኘሁ። ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ አይሁድ መስጊድ ይሄዱ ነበር! ታላቁ በዓላቸውስ ማን ይባላል? «ስግድ»።

ሰ፣ ገ፣ ደ። ግዕዙም አማርኛውም «ሰገደ» ይላል። ዐረብኛው «ሰጀደ» ይላል፤ የካይሮ ሰው ደግሞ «ጀ»ን «ገ» አድርጎ ስለሚጠራት ከእኛው ጋር ይገጥማል። ቃሉ በዕብራይስጥ በትንቢተ ኢሳይያስ፣ በአራማይስጥ ደግሞ በትንቢተ ዳንኤል ይገኛል። ከማን ወደ ማን እንደሄደ ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ካይሮ ላይ በዚህችው በስግደት ምክንያት አይሁድ እርስ በርስ ተካሰው ሱልጣኑ ዘንድ መድረሳቸው። ታሪኩን ስከታተል አይሁድና ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት እንዴት እርስ በርስ ሲማማሩ እንደኖሩ አየሁ። እሱን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዐረብኛ በዕብራይስጥ ፊደል

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። በ10ኛው መቶ ዓመት ከዓለም አይሁድ አብዛኞቹ የሚኖሩት ከስፔን እስከ ኢራቅ በተዘረጋው የእስልምና ግዛት ውስጥ ነበር። ቤታቸው የሚያወሩት፣ ገበያ የሚከራከሩት፣ ለልጃቸው የሚያንጎራጉሩት በዐረብኛ ነው። ሲጽፉ ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ ዐረብኛ በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፉታል። ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የወሎ ሸኾች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው ዓጀሚ ብለው አቆይተውልን የለም? ቋንቋው የአገሩ፣ ፊደሉ የሃይማኖቱ ማለት ነው።

በዚህ ቋንቋ ከጻፉት አንዱ በ882 ግብፅ ውስጥ ፈዩም የተወለደው ሰዓዲያ ነው። ኋላ ባግዳድ ወርዶ የታላቁ የአይሁድ ትምህርት ቤት አለቃ፣ «ጋኦን» ሆነ። ኦሪትን ወደ ዐረብኛ ተረጎመ። በ933 ደግሞ ስለ እምነት አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ሰው አንድን ነገር በምን ያውቃል ብሎ ይጀምራል፤ በስሜት ሕዋስ፣ በአእምሮ፣ ከሚታየው ወደማይታየው በመድረስ፣ በታመነ ትውፊት። ከዚያ ነጥቡን ያስቀምጣል፣ የተቃዋሚውን ክርክር ያመጣል፣ ይረታዋል። ይህ አካሄድ በዚያው ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሙስሊም ሊቃውንት «ከላም» እያሉ ይከራከሩበት የነበረው ስልት ነው። ሰዓዲያ ስልቱን ወሰደና የገዛ ኦሪቱን ጠበቀበት።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝን ስሙ። የዕብራይስጥ ሰዋስው ሊቃውንት የግሡ ሥር ስንት ፊደል እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ተቸግረው ነበር። አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው እስከ አምስት። ምክንያቱም አንዳንዱ ፊደል ይጠፋል። «ቆመ» ስትሉ «ወ» የት ሄደች? በግዕዝ «ቀዊም» ስትሉ ግን ብቅ ትላለች፤ ተደብቃ ነበር እንጂ አልጠፋችም። የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት የቁርኣንን ቋንቋ በጥንቃቄ ለመጠበቅ ሲደክሙ ይህን የተደበቀ ፊደል ቀድመው ደርሰውበት ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሞሮኮዋ ፌዝ የመጣ ይሁዳ ሐዩጅ የሚባል አይሁዳዊ መምህር የስፔኗ ኮርዶባ ተቀምጦ ያንን ቁልፍ ወደ ዕብራይስጥ ቢያዞረው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የዕብራይስጥ ግሥ ሥሩ ሦስት ፊደል ነው አለ። ይህንንም የጻፈው በዐረብኛ ነው። ዛሬ ዕብራይስጥ የሚማር ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀው፣ ቁርኣንን ለማንበብ በተሳለ መሣሪያ ነው ኦሪቱን የሚያነበው።

ወረቀት የማይጣልበት ቤት

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ነገር ነው፤ ተራው ሰውስ ትሉኝ ይሆናል። ለዚህ ወደ ፉስጣጥ፣ ወደ አሮጌው ካይሮ እንሂድ። በዚያ ያለው የቤን ዕዝራ ምኩራብ አንድ ጓዳ ነበረው። የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት እንዳይጣልና እንዳይረገጥ ያረጀው ሁሉ እዚያ ይከተታል፤ «ጌኒዛ» ይሉታል። በእኛስ አገር የተቀደደ ቁርኣን ወይም ያረጀ ዳዊት መንገድ ላይ የሚጥል ማን አለ? የፉስጣጦቹ ግን ከዚህም አለፉ። ደብዳቤውን፣ ውሉን፣ የሸቀጥ ዝርዝሩን፣ የልጅ ፊደል መለማመጃውን ሳይቀር ከተቱት። ዝናብ በሌለበት አገር ወረቀቱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆየ። በ1896 መጨረሻ የካምብሪጁ መምህር ሰለሞን ሼክተር ካይሮ ሄዶ ወደ 193,000 የሚጠጋ ቁራጭ ይዞ ተመለሰ። በልዩ ልዩ አገር የተበተነው ሁሉ ሲደመር 400,000 ገደማ ይደርሳል።

በዚያው ከተማ ይኖር ለነበረው ለአይሁዱ ሊቅ ለሙሴ ቤን ማይሞን የቀረበ አንድ ጥያቄ ተጠቅሶ አንብቤ ልቤ ቀረ። አንዳንዶቹ አይሁድ፣ አንዳንዶቹ ሙስሊም የሆኑ የእጅ ጥበብ ሰዎች በሽርክና ይሠራሉ፤ አንዱ ቦታ ወርቅ ሠሪዎች፣ ሌላው ቦታ ብርጭቆ ሠሪዎች ናቸው። መሣሪያው የጋራ ነው። የዓርብ ገቢ ለአይሁዶቹ፣ የቅዳሜው ለሙስሊሞቹ ይሁን ብለው ተስማሙ። ይህ በሕጋችን ይፈቀዳል ወይ ነው ጥያቄው። ሊቁም ፈቀደ። እስቲ አስቡት! አንዱ የሌላውን የጸሎት ቀን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በዚያ ቀን ጓደኛው እንደማይሠራ ያከብራል፤ ሒሳቡንም በዚያ ልክ ያበጃል። እነዚህ ወርቅ ሠሪዎች ስለ መቻቻል ንግግር አላደረጉም፤ ሽርክናቸው እንዳይፈርስ የጓደኛቸውን ሃይማኖት አጠኑ።

ከጌኒዛው ጓዳ ደግሞ የሙስሊሙ ሊቅ የአል-ገዛሊ ጽሑፍ በዕብራይስጥ ፊደል ተገልብጦ ተገኝቷል። ይህ ማለት አንድ አይሁዳዊ ጸሐፊ ብርዕ ይዞ ተቀምጦ፣ ቃል በቃል፣ ሌላ አይሁዳዊ እንዲያነበው የሱፊውን፣ የሙስሊም መናኙን፣ መጽሐፍ ገልብጧል ማለት ነው።

የሊቁ ልጅና ስግደቱ

አሁን ወደ ስግደታችን እንመለስ።

ከላይ የጠቀስኩት ሙሴ ቤን ማይሞን በ1138 ኮርዶባ ተወለደ። ሙዋሒዶች የሚባሉ ሙስሊም ገዢዎች ከተማዋን በ1148 ሲይዙና አይሁድን ሲያስጨንቁ ቤተሰቡ ተሰደደ፤ በፌዝ በኩል ዞሮ ፉስጣጥ ደረሰ። እዚያ የሳላሐዲን ሹም የአል-ቃዲ አል-ፋዲል ሐኪም ሆነ። ይህ ሰው በሙስሊም ገዢዎች እጅ መከራ ያየ ሰው ነው። ይሁን እንጂ የሙስሊሙ ፈላስፋ የአል-ፋራቢ መጻሕፍት እንዲነበቡ ይመክር ነበር፤ እውነት ከማንም አፍ ቢወጣ መቀበል ይገባል ብሎም አስተማረ። ሙስሊሞች በጠራ መንገድ አንድ አምላክ የሚያመልኩ ናቸው ብሎ ፈርዷል። ይህን የጻፈው ያ ሁሉ ስደት ካለፈበት በኋላ መሆኑን አትርሱ።

በ1204 ሲሞት በአይሁድ መሪነት ቦታው ልጁ አብርሃም ተተካ፤ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ገደማው ነበር። አብርሃም ምኩራብ ሲገባ የሚያየው አሳዘነው። ሕዝቡ በየግድግዳው ተደግፎ፣ ፊቱን ወደየአቅጣጫው አዙሮ ይቀመጣል፤ ጸሎት መሃል ይወራል። ወጣ ሲል ደግሞ ሱፊዎቹን ያያል። በረድፍ ቆመው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው፣ ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ፤ ሌሊት ይነሳሉ፤ ለብቻ ለመጸለይ ኸልዋ ይገባሉ።

ስለዚህ ከወዳጆቹ ጋር አንድ ሥራ ጀመረ። ከጸሎት በፊት እግርን መታጠብ፣ በረድፍ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም መዞር፣ መንበርከክ፣ እጅን መዘርጋት፣ በግንባር መስገድ። ይህንኑ «ለእግዚአብሔር አገልጋዮች የሚበቃ» የሚል ስም በሰጠው ትልቅ የዐረብኛ መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል።

ጩኸቱ ወዲያው ተነሳ። የአሕዛብን ሥርዓት አመጣብን አሉ። የአብርሃምን መልስ እዩልኝ። ይህ የእኛው ነው አለ። አባቶቻችን በቤተ መቅደስ ይሰግዱ አልነበረም ወይ? ኤልያስ ካባውን በኤልሳዕ ላይ ጣለ፤ ዛሬ የሱፊ ሸኽ ለደቀ መዝሙሩ ካባ የሚያለብሰው ከዚያ የተወረሰ ነው። እኛ በስደት የረሳነውን ጎረቤቶቻችን ጠብቀው አቆዩት፤ ስለዚህ ከእነሱ ማየት የራስን ንብረት መልሶ ማግኘት ነው። ጎረቤት ስለያዘው ብቻ የራስን መልካም ነገር መጣል አይገባም።

ተቃዋሚዎቹ ሱልጣኑ አል-ዓዲል ዘንድ አቤት አሉ። ክሱ «ቢድዓ» አምጥቷል የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ «ቢድዓ» በሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር ማለት ሲሆን የእስልምና ሊቃውንት ቃል ነው። ስግደቱ ከሙስሊም ተወሰደ ብለው የከሰሱት ሰዎች የክሱን ቃል ራሱን ከሙስሊም ወስደውታል! አብርሃም ሁለት መቶ ያህል ሰው የፈረመበት መልስ አቀረበ፤ ማንንም አላስገደድኩም፣ የምንሰግደው በራሳችን መካከል ነው አለ። መንገዱን ልጁ ዖበድያና ሌሎች ዘሮቹ ለጥቂት ትውልድ ይዘውት ቆዩ። ኋላ ግን በዚያ አገር ቀዘቀዘ። ዛሬ በአብዛኛው የአይሁድ ምኩራብ በግንባር መስገድ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚታይ ነው።

የኢትዮጵያ አይሁድ ግን ስለ ካይሮው ክርክር ሳይሰሙ በጎንደር ተራሮች ላይ ይሰግዱ ነበር።

ትምህርቱ በአንድ በኩል ብቻ የሄደ እንዳይመስላችሁ። የሙሴ ቤን ማይሞንን «ግራ ለተጋቡ መሪ» ሙስሊሞችም አንብበውታል። አል-ተብሪዚ የሚባል የፋርስ ሊቅ ከመጽሐፉ ውስጥ ስለ እግዚአብሔር መኖር የቀረቡትን 25 ነጥቦች በዐረብኛ አብራርቷል። ደማስቆ ደግሞ ኢብን ሁድ የሚባል ሱፊ መምህር ያንኑ መጽሐፍ ለአይሁድ ተማሪዎች ያስተምር ነበር። ሙስሊም መምህር፣ አይሁድ ተማሪዎች፣ የአይሁድ መጽሐፍ! በ1873 የሃንጋሪው አይሁዳዊ ኢግናዝ ጎልድዚኸር ካይሮ ሄዶ አል-አዝሃር ገባ፤ ከሸኾቹ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። የሐዲስን ጥናት በአውሮፓ መሠረት ያስያዘው ይኸው ሰው ነው። ሃይማኖቱን ግን አልለወጠም፤ አገሩ ተመልሶ ለብዙ ዓመታት የቡዳፔስት አይሁድ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ ሠራ።

የሰንበት ቅኝት

መማማሩ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም፤ ዜማ ውስጥም ገባ። እኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ እንደምንለው የዐረቡም ዜማ ቅኝት አለው፤ «ማቃም» ይባላል። ከሶርያዋ ሐለብ የመጡ አይሁድ ጸሎታቸውን በዚሁ ማቃም ያዜማሉ። እያንዳንዱ ሰንበት በዕለቱ በሚነበበው የኦሪት ክፍል መሠረት የራሱ ማቃም ይመረጥለታል። ንባቡ ሞትና ኀዘን ካለበት ሒጃዝ፣ ደስታ ከሆነ ዐጀም። ኒውዮርክ ብሩክሊን የገቡት የሶርያ አይሁድ ይህን ይዘው ሄደዋል፤ ምኩራባቸው ውስጥ የግብፃዊቷ ድምፃዊት የኡም ኩልሱም ዜማ የዕብራይስጥ ጸሎት ለብሶ ይሰማል። ኤዲርኔ በምትባለው የቱርክ ከተማ ደግሞ የምኩራብ መዘምራን መውለዊ ከሚባሉት ሱፊ ደርቪሾች ጋር ዜማ ይለዋወጡ ነበር።

በ1932 ካይሮ ላይ ታላቅ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ ሲደረግ ኢራቅ ቡድኗን ላከች። ድምፃዊው ሙስሊሙ ሙሐመድ አል-ቁባንጂ ነው፤ ከኋላው ተቀምጠው ከሚጫወቱት አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ። የኢራቅ ድምፅ ተብሎ የተቀረጸው ይህ ነው።

ከሥዕል በኩል አንድ መጽሐፍ ብቻ ልጥቀስ። አይሁድ በፋሲካ ማታ ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ የሚያነቡበት መጽሐፍ «ሀጋዳ» ይባላል። በ14ኛው መቶ ዓመት ስፔን ውስጥ የተሳለ አንድ ውብ ሀጋዳ ከስደተኞች ጋር ተንከራትቶ የቦስኒያዋ ከተማ ሳራዬቮ ደረሰ፤ በ1894 እዚያ ያለው ቤተ መዘክር ገዛው። በ1942 የናዚ ጄኔራል ሊወስደው ሲመጣ ደርቪሽ ኮርኩት የሚባል ሙስሊም የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ከአለቃው ጋር ሆኖ አሸሸው፤ እንደሚተረከው ልብሱ ሥር ሸሽጎ አውጥቶ በተራራ ላይ ላለ መንደር ለአንድ የመስጊድ ሰው አደራ ሰጠው። ኮርኩት ራሱ አንዲት አይሁዳዊት ልጃገረድ ቤቱ ደብቆ አትርፏል። በ1992 ሳራዬቮ በከባድ መሣሪያ ስትደበደብም መጽሐፉን ያወጣው ሙስሊሙ ፕሮፌሰር ኤንቨር ኢማሞቪች ነው። ኮርኩት ሊቅ ነበር፤ መጽሐፉ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ማወቁ ነው ነፍሱን ለአደጋ ያሰጠው።

መራራውንም እንንገር

ሁሉ ማር ነበር ብላችሁ እንዳትሄዱብኝ። በእስልምና ግዛት አይሁድ ጂዝያ የተባለውን ግብር የሚከፍሉ፣ ከሙስሊሙ ዝቅ ብለው የሚታዩ ሰዎች ነበሩ። በ1066 በስፔኗ ግራናዳ አይሁዳዊው ሹም ዮሴፍ ኢብን ናግሬላ ተገደለ፤ የከተማው አይሁድም ተጨፈጨፉ። ሙዋሒዶች ስላደረጉት ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ከ1948 በኋላ ደግሞ ከባግዳድ፣ ከካይሮ፣ ከሐለብ፣ ከፌዝ አብዛኞቹ አይሁድ ወጡ፤ አንድ ሺህ ዓመትና ከዚያም በላይ የቆየ ጉርብትና በአንድ ትውልድ ዕድሜ ፈረሰ። የእስራኤልና የፍልስጤም ደም ዛሬም አልደረቀም።

ለዚህ ነው ታሪኩ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ። አብርሃም ከሱፊዎች የተማረው አባቱ ከሙዋሒዶች ሸሽቶ በመጣበት ቤት ውስጥ አድጎ ነው። መማማር ሰላም እስኪወርድ አልጠበቀም።

ዛሬም የሚሞክሩ አሉ። ሞሮኮ ውስጥ ፋሲካ ሲያልቅ አይሁድ «ሚሙና» የሚሉት በዓል አላቸው። በስምንቱ የፋሲካ ቀናት ቤታቸው እርሾ አይገባም፤ በዓሉ ሲያበቃ ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ዱቄት፣ ወተት፣ ማርና እርሾ ይዘው ይመጡ ነበር፤ የመጀመሪያው ዳቦ ከዚያ ይጋገር ነበር። በ2007 ኢፍራን በሚገኘው አል-አኻዋይን ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሙስሊም ወጣቶች የአገራቸውን የአይሁድ ቅርስ ለማጥናት ማኅበር ሲያቋቁሙ ስሙን «ሚሙና» አሉት። አብዛኛው ጎረቤት ሄዷል፤ እነሱ ግን ዱቄቱን ይዞ የመሄዱን ነገር አልተዉትም።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታቸውን አልደባለቁም። ሰዓዲያ አይሁዳዊ ሆኖ ሞተ፤ ኮርኩት ሙስሊም ሆኖ። የጎረቤታቸውን ቋንቋ ተማሩ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ገለበጡ፣ ዜማውን በጉሮሯቸው ሞከሩ፤ ሲመለሱ የራሳቸውን ይበልጥ አወቁት። እኛም ሙስሊም ጎረቤት፣ ክርስቲያን ጎረቤት፣ ወደ እስራኤል የሄደ የቤተ እስራኤል ወዳጅ ያለን ሰዎች ነን። አብረን ቡና ጠጥተናል፣ ለቅሶ ተቀምጠናል። ስንቶቻችን ግን ስትሰግድ ምን ትላለህ፣ ምንስ ማለት ነው ብለን ጠይቀናል? ዘንድሮ አንድ ሰው እንጠይቅ። ጠይቀንም እስከ መጨረሻው እንስማ።

ስግድ በአይሁድ የማስተስረያ ቀን በሃምሳኛው ቀን ይውላል፤ ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ነው። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ የሄዱት አይሁድ ነጭ ለብሰው፣ ቄሶቻቸው ጥላ ይዘው፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ አርሞን ሀናትሲቭ የሚባለው ከፍታ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሆነው ወደ አሮጌዋ ከተማ ሲያዩ የቤተ መቅደሱ ተራራና አል-አቅሳ መስጊድ ፊት ለፊታቸው ነው። በዚህ ከፍታ ላይም በዚያ ተራራ ላይም ግንባር መሬት ሲነካ የሚጠራው በሦስቱ ፊደላት ነው፤ ሰ፣ ገ፣ ደ።